እትዬ ያዙ ምሳ ላይ ሳለች

ቋ!

ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ አልወጣ ያለው ድምፅ ይህ ነው። አክስቴ በመናፈሻው የሚዞሩትን የመጫወቻ ፈረሶች ማስነሻ እጀታ ከመቆለፊያው ስታላቅቀው ብረቱ «ቋ» ይልና ከሥሩ ትኩስ የግራሶ ሽታ ይነሣል። ፈረሶቹ ግን ገና ንቅንቅ አይሉም። እሷ አንገቷን አስግጋ ሃያ አራቱንም ፈረሶች በዓይኗ ታዳርስና፣

«ያዙ!» ትላለች።

«ይዘናል!» እንላለን።

ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች። «አንድ ሰው ጎደለ።»

እውነትም አንድ ሰው ጎድሎ ይገኛል። ወይ አፉን በከረሜላ የሞላ ነው፤ ወይ ለአባቱ እጁን የሚያውለበልብ ነው፤ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ዓይነ አፋር ነው። ሄዳ አጠገቡ ትቆማለች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈረሱ የተሰካበት ምሰሶ ላይ ትከድንና «አሁንስ?» ትለዋለች። «ይዣለሁ» እስኪላት ድረስ፣ ሰልፉ እስከ ውጭው በር ቢደርስም እጀታው አይሳብም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። በዚያ መናፈሻ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የሠራተኞች መዝገብና እኛ ዘመዶቿ ብቻ ነበርን። ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ያዙ ናት። ገበያ መካከል ሳይቀር ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ከማዶ ሆኖ «እትዬ ያዙ!» ብሎ ይጠራታል። «ይዘሃል?» ትለዋለች። እሱም ሚስቱ ፊት እየተሽኮረመመ «ይዣለሁ» ይላል።

ጥሪውን ማንም አላስተማራትም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር አንዲት ሕፃን እናቷን ሰላም ልትል እጇን ስታነሣ ከፈረሱ ላይ ወደቀች። ሁለት የወተት ጥርስ ከመውለቁ በቀር የከፋ ነገር አልደረሰባትም፤ እናቲቱም «ልጅ ነው፣ ይወድቃል» ብላ ተወችው። አክስቴ ግን አልተወችውም። «ዓይኔ ሌላ ጋ ነበር» አለቻት ለእናቴ፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ ብሏት ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በዓይኗ ሳታይ፣ መልሳቸውንም በጆሮዋ ሳትሰማ ያስነሣችበት ቀን የለም።

ያን ጊዜ ቦታው «የሕፃናት መናፈሻ» ይባል ነበር። ያለውም ፈረሶቹ፣ ዥዋዥዌዎቹ፣ ሸርተቴውና ሦስት ፉርጎ የምትጎትት አንዲት ትንሽ ባቡር ብቻ ነው። መንገዱ ጠጠር ስለ ነበር ከዚያ ስንመለስ እናቴ ደጃፉ ላይ ጫማችንን እየገለበጠች «መናፈሻውን ሙሉ ጭናችሁት መጣችሁ?» ትለናለች። ወላጆች ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ፤ ልጅ ካለቀሰ ማንም ቅርብ ያለ ሰው ያባብለዋል። ምን ያህል ተራ ነገር ነበር! ሆኖም ሰው እሑድን የሚጠብቀው ለእሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሻሻል መጣ።

በመጀመሪያ ጠጠሩ ተነሥቶ የሚያብለጨልጭ ንጣፍ ተነጠፈ። ንጣፉ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ሆነ። «ሸርተቴ እኮ ነበረን» አለች አክስቴ፤ «መንገዱንም ሸርተቴ አደረጉት።» ቀጥሎ ዛፉ ቅጠል እያራገፈ ያቆሽሻል ተባለና ተቆርጦ በምትኩ የላስቲክ ጃንጥላዎች ተተከሉ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጃንጥላዎቹ ተነቅለው ስለሚሄዱ የዘበኛው ሥራ ጃንጥላ ማሳደድ ሆነ። ስሙም «የቤተሰብ መዝናኛ ማዕከል» ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በእኛው ፊደል የተጻፈ የሰው ሀገር ስም ተሰጠው። አክስቴ ያንን ስም አንድ ቀን እንኳ አስተካክላ ጠርታው አታውቅም። የት ነው የምትሠሪው ያላት ሰው ቢኖር፣ «እዚያው» ትላለች።

አንድ ዓመት ደግሞ ለፈረሶቹ ቀንድ ተተከለላቸው። እንደ ቀስተ ደመና የተቀቡ፣ ግንባራቸው ላይ አንድ ሹል ቀንድ ያለባቸው ፈረሶች በዓለም ሁሉ ተወዳጅ ናቸው ተባለ።

«ቀንድ ያለው ፈረስ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ አክስቴ፣ ቤታችን መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

«ሥዕል ላይ አይቻለሁ።»

«ሥዕል ላይ ልጅ አይወጣበትም! ዛሬ ብቻ ሦስት ሹራብ ተቀደደብኝ። አንዱ አባትማ ተናዶ ‹እትዬ፣ ይሄ በሬ ነው ወይስ ፈረስ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

በማግሥቱ አሮጌ ፎጣ ቆራርጣ የሃያ አራቱንም ቀንድ ጫፍ ጠመጠመችው። ኃላፊዎቹ ሲመጡ ትፈታዋለች፤ ሲሄዱ መልሳ ታስረዋለች። ፈረሶቹ ራሳቸውን አሟቸው በሻሽ የታሰሩ ይመስሉ ነበር።

ወላጆችም ተለወጡ። ድሮ አጥሩን ተደግፈው ዝም ብለው የሚያዩ ሰዎች አሁን ስልካቸውን ዘርግተው «እማዬ፣ ወደዚህ! እጅሽን አንሺ! ሳቂ!» ማለት ጀመሩ። አክስቴ ጥርሷን ትነክሳለች። «እኔ ያዙ እላለሁ፤ እነሱ ልቀቁ ይላሉ። ልጁ የማንን ይስማ?» ከዚያ ሙዚቃው መጣ። ጩኸቱ መልስ አላሰማት ስላለ «ያዙ» ከማለቷ በፊት በአውራ ጣቷ ማጥፊያውን ትጫነዋለች፤ ሰምታ ስትጨርስ ትከፍተዋለች። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላታል።

ይህን ሁሉ እኛ በየሳምንቱ ስንሰማ ኖረናል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶን ነበር። እናቴ «በይ እሺ፣ ፈረሶቹን በረታቸው አስገቢና ምግብ ብዪ» ትላታለች። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሰው የጻፈውን ሳነብ ውዬ ዓይኔ ቀልቶ ስገባ፣ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ደግሞ ያደረጉትን ስማ» ስትለኝ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ ልቤን ሌላ ጋ የላክሁበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ትሑት ወጣት ነው፤ አክስቴን «እትዬ፣ እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግራት። «ልጅ ሆነህ ፈረስ ላይ አስቀምጬህ ይሆናል እኮ» ብትለው፣ «እኔ ያደግሁት ሌላ ከተማ ነው» አላት። እሱ የሚወዳት አንዲት ቃል አለች፤ እሷም «ሲስተም» ናት። በአዲሱ ሲስተም እጀታው ቀረ። ድምፅ ማጉያው «ያዙ!» ይላል፤ አምስት ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ራሱ ይነሣል። የአክስቴ ሥራ አጠገቡ ቆማ፣ አደጋ ቢመጣ ማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ መጫን ሆነ።

«ድምፁ ግን የእርስዎ ይሁን» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ሕዝቡ ለምዶታል።»

የድምፅ ቴክኒሻኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ ቀዳት። «ያዙ!» አለች። እሱ መቅጃውን ማየት ቀጠለ።

«መልስ እንጂ!»

«እኔ ነኝ የምመልሰው?»

«ሌላ ማን አለ እዚህ?»

ምስኪኑ መጥረጊያና ባልዲ መካከል ቆሞ «ይዘናል» አለ። ኋላ የእሱን ድምፅ ቆርጦ ጣለው፤ የእሷን ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስገባው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከአክስቴና እዚያው ግቢ ፊኛ ከሚሸጠው ሰው ነው። ያን ዕለት ጠዋት አንድ ልጅ ጠፍቶ ስለ ነበር ቴክኒሻኑ ማስታወቂያው በየቦታው እንዲሰማ ብሎ የግቢውን ድምፅ ማጉያዎች በሙሉ በአንድ መስመር አገናኝቷል። ልጁ ተገኘ፤ መስመሩ ግን አልተለየም። አክስቴ ልብስ መቀየሪያዋ ክፍል ገብታ፣ በቦታዋ የመግቢያ ካርድ ተቆጣጣሪውን አቁማ፣ ምሳዋን ትበላለች። በዚያው ሰዓት አንድ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ተረስቶ የነበረውን የሚስቱን ቀይ ቦርሳ ይዞ፣ ከበሩ ወደ ዥዋዥዌዎቹ እየሮጠ ነበር።

ግቢው በሙሉ በአንድ ጊዜ በአክስቴ ድምፅ ጮኸ።

«ያዙ! ያዙ! ያዙ!»

ሰው ዞር አለ። የሴት ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ ወንድ አየ። ምን ይጠበቃል? ዘበኛው ሲያሳድደው የነበረውን ጃንጥላ ጥሎ ተወረወረ። ሁለት አባቶች ከግራና ከቀኝ መጡ። አንዲት አያት በከዘራቸው መንገድ ዘጉ። ፊኛ ሻጩም «እኔ እግሩን ብቻ ነው የያዝሁት» ይላል፣ እንደ መልካም ሥራ። ሰውዬው እዚያው ሙልጭልጩ ንጣፍ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ እጅጌው ከትከሻው ተገነጠለ።

አክስቴ ከነጉርሻዋ ወጣች። የገዛ ድምፅዋን ሰምታ፣ ወደ ሰማይ እያየች፣ «ማንን?» ትላለች። «ማንን ነው የሚይዙት?»

ሚስት ደረሰች። «ልቀቁት! ባሌ ነው! ቦርሳው የኔ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት ዘበኛው፣ አንገቱን አንቆ እንደ ያዘ።

አክስቴ ውኃ አምጥታ ጉልበቱን አጠበችለት፤ ይቅርታም ጠየቀችው። ሰውዬው ቀና ብሎ አያትና «እንግዲህ ያዙ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አላት። «ድምፁ የኔ ነው። እኔ ግን ምሳ ላይ ነበርኩ» አለችው። ይህን ሲሰማ እንኳን ሊቆጣት ሳቁ አምልጦት ጎኑን ያዘ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ሰኞ ጠዋት አቤቱታዋ ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰ።

ሐሙስ ዕለት አክስቴ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣች። «አንተ የወረቀት ሰው ነህ» አለችኝ። «ደብዳቤ ፈርሚ ብለውኛል። አብረኸኝ ሁን።»

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአዲሶቹ መጫወቻዎች ሥዕል። የሚዞረው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ተቀበለን። ነገሩንም በግልጽ ነው ያስቀመጠው። ደብዳቤውን ከፈረመች ጉዳዩ ይዘጋል፤ ጡረታዋ እስኪደርስ ድረስ፣ ማለትም አንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ ፈረሶቹ ዘንድ ትቆያለች። ካልፈረመች ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ መግቢያው በር ላይ ካርድ የሚያነበው ማሽን ዘንድ ትዛወራለች።

«ቃሉንም ቀይረነዋል» አለ። «ሌላ ልጅ ስቱዲዮ ገብታ ቀድታዋለች። ‹ውድ ደንበኞቻችን፣ እባክዎ ምሰሶውን በጥንቃቄ ይያዙ።›»

«ለማን ነው እባክዎ የሚባለው?» አለች አክስቴ።

«ለተሳፋሪዎቹ።»

«የአራት ዓመት ልጅ እኮ ነው! እባክዎ ሲሉት ከኋላዬ ማን ቆሟል ብሎ ዞሮ ነው የሚያየው። ዞሮ ሲያይ ይወድቃል።»

«እትዬ፣ ለሁሉም በአክብሮት መናገር የድርጅታችን መመሪያ ነው።»

«መልሱንስ ማን ይሰማል?»

«መልስ አያስፈልግም። ሲስተሙ አምስት ሴኮንድ ይሰጣል።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወረቀቱን አንሥቼ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች የተመለከተው ሰራተኛ፣ ቅዳሜ ዕለት በስራ ላይ ሳለሁ፣ በራሴ ፍቃድ ያልተገባ ቃል በድምጽ ማጉያ በመናገሬ በህዝብ መካከል ግርግር ስለ ፈጠርሁ፣ ለጥፋቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እጄ ለምዶበት ከኪሴ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣ። ያደግሁት ፊደል አሳስቶ መጻፍ እጅ በሚያስመታበት ክፍል ነው፤ ዛሬም ሠራተኛ በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሳይ ጥርሴን ያመኛል። «ሰራተኛ» የሚለውን «ሠራተኛ» አልሁ። «ስራ» የሚለውን «ሥራ»። «ድምጽ» «ድምፅ» ሆነ፤ «ህዝብ» «ሕዝብ»። በአምስት ቦታ አረምሁና ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ መለስሁለት።

ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ! እኛ ጋ እንዲህ የሚያይልን ሰው የለም።» ወዲያው እርማቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብቶ አዲስ ቅጂ አተመና፣ ከነሙቀቱ አክስቴ ፊት አስቀመጠው።

እሷ መነጽሯን አውጥታ ቀስ ብላ አነበበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ልጄ» አለችው፣ «አንድ ነገር ብቻ አስተካክልልኝ። ምሳ ላይ እንደ ነበርኩ ጻፍ። ድምፁ የኔ ነው፣ አልካድሁም፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም በል። ይህን ብቻ ጨምርና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«እትዬ፣ እሱ ከተጻፈ ጥፋቱ የሲስተሙ ሊሆን ነው።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ቃሉ የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አንዲት ነጥብ መቀየር አልችልም።»

«አሁን አይደል እንዴ አምስት ቦታ የቀየርኸው?»

«እሱ ፊደል ነው እትዬ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሳላይ ያዙ ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን። እዚህ ላይ ከፈረምሁ፣ ፈረስ ላይ ማን እንዳለ ሳላይ፣ ከመሬት ተነሥቼ የምጮህ ሴት ነኝ ማለት ነው። በገዛ ፊርማዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እባክህ እርዳኝ የሚል አስተያየት ነበር። እኔም ደክሞኝ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፤ ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ክምር አለ፤ ይህ ንግግር ደግሞ ቤታችን በር ላይ የማውቀው ንግግር ነው። አክስቴን ለማዳን የተናገርሁ መሰለኝ።

«እትዬ» አልኋት፤ «ማን ያነበዋል? ፋይል ውስጥ ገብቶ የሚቀር ወረቀት ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው የቀረሽ። በቃ ፈርሚና ፈረሶችሽ ዘንድ ሂጂ።»

ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ፣ አሮጌውን፣ በቀይ የታረመውን ወረቀት ወደ እሷ ሳበችው።

«አንተ ይህን ሙሉ አነበብኸው?»

«አነበብሁት።»

«ከላይ እስከ ታች?»

«ከላይ እስከ ታች።»

ጣቷን አንዱ ቀይ ምልክት ላይ አሳረፈች። «ይኼኛው ምን ሆኖ ነበር?»

«እሱ… ‹ፍቃድ› ብለው ነው የጻፉት። ትክክሉ ‹ፈቃድ› ነው።»

«በራሴ ፈቃድ።»

«አዎ።»

«እና አሁን ልክ ሆነ?»

አፌን ከፈትሁ። «ሆሄውማ ልክ ነው» አልኋት። ሥራ አስኪያጁ የራሱን እስክሪብቶ ከፍቶ በጨዋነት ወደ እሷ ገፋ አደረገላት፤ እሷ ሳትነካው ቀረች። መነጽሯን አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ አስገባች፤ ማኅደሩን ቦርሳዋ ውስጥ፤ የቦርሳዋን ዚፕ እስከ መጨረሻው ሳበች። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው።

«እትዬ፣ እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ ነው ማለት ነው…» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቆዪ፣ አብረን እንሂድ እንጂ» አልሁ እኔ፣ እየተነሣሁ።

ወረቀቱን ሳትፈርም በሩን ከፍታ ወጣች።